ማምሸቱንስ እናምሽ፤ ግን የት? በስንት ሰዓት?



ዓርብና ቅዳሜ ማታ ታክሲዬ ውስጥ የሚገባ የአገሬ ሰው፣ አማርኛ ተናጋሪ መሆኔን ያወቀ እንደሆነ፣ ከሰላምታ ቀጥሎ የሚያቀርብልኝ ጥያቄ አንድ ነው። «ጋሼ፣ ዛሬ ማታ የት ይሻላል?» ይለኛል። ከአዲስ አበባ ለስብሰባ የመጣው እንግዳ ይጠይቃል፤ ከፍራንክፈርት ዘመድ ልታይ የመጣችው ትጠይቃለች፤ አምስተርዳም ተወልዶ ያደገው ልጅ እንኳ በተሰባበረ አማርኛ ይጠይቃል። እኔ ወደዚህ አገር ከመምጣቴ በፊት ስምንት ዓመት በአንድ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ጂኦግራፊ አስተምር ነበር። የተማሪን ጥያቄ ሳልመልስ ማለፍ አልለመደብኝም። ይህችን ጥያቄ ግን እስካሁን በቀልድ ሳልፋት ቆይቻለሁ። ዛሬ ልመልሳት ነው፤ የሚቆጣኝ ሰው እንደማይጠፋም አውቃለሁ።

መልሴ ባጭሩ ይኸውና፦ እኛ በአምስተርዳም፣ በሮተርዳምና በዴን ሃግ የምንኖር ኢትዮጵያውያን ማምሻ ቦታ አንመርጥም፤ ይመረጥልናል። ፖስተሩ ላይ ያለው ፎቶግራፍ ይመርጥልናል። የአዘጋጁ ወገን ይመርጥልናል። «ሁሉም እዚያ ነው» የሚለው ስልክ ይመርጥልናል። ለአንድ ሶፋ ሦስት ከተማ የምንዞር፣ ለአንድ ኪሎ ሥጋ ከባለ ሱቅ ጋር የምንከራከር ሰዎች፣ ራሳችንንና ልጆቻችንን ይዘን ለምናድርበት ቤት ግን አንዲት ጥያቄ አንጠይቅም። በስንት ሰዓት ይጀመራል? በምን እንመለሳለን? እሳት ቢነሣ በየት እንወጣለን? ማን ይጠይቃል!

እንዳትሳሳቱብኝ። እኔ ማምሸት ኃጢአት ነው ከሚሉት ወገን አይደለሁም። በዚህ አገር በታኅሣሥ ወር ከቀትር በኋላ በአሥር ሰዓት ተኩል ይጨልማል (ሰዓቱን ሁሉ የምጽፈው በአገራችን አቆጣጠር ነው)። ቀኑን ሙሉ በሰው ቋንቋ ሲታዘዝ የዋለ ሰው፣ ማታ በገዛ ቋንቋው መሳቅና መጨፈር ያስፈልገዋል። ብቻውን ከቴሌቪዥን ጋር የሚያመሸውን ወገናችንን ሳስብ፣ ወጥቶ የሚያመሸውን አልኮንንም። የምከራከረው ማምሸታችንን ተቃውሜ ሳይሆን አመሻሻችን ለእኛ የሚገባ አይደለም ብዬ ነው።

ነገሩን የማታውቁት አይደላችሁም፤ ግን አንድ ጊዜ በወረቀት ላይ ሰፍሮ ብናየው መልካም ነው። አዘጋጁ ከከተማ ወጣ ብሎ፣ በመጋዘኖች መካከል፣ ሌሊት ባቡርም ትራምም የማይደርስበት አዳራሽ ይከራያል። ቲኬቱ ላይ በፈረንጅ 9 ሰዓት ተብሎ ይታተማል፤ በእኛ ከምሽቱ ሦስት ሰዓት መሆኑ ነው። በተባለው ሰዓት የደረሰ የዋህ ሰው የሚያገኘው የኤሌክትሪክ ገመድ የሚዘረጋ ልጅና ባዶ ወንበር ነው። ሕዝቡ መግባት የሚጀምረው በስድስት ሰዓት ነው። ድምፃዊው ግን ገና ሆቴሉ ተኝቷል። መድረክ ላይ ሲወጣ ከሌሊቱ ስምንት ሰዓት አልፏል፤ ብዙም ሳይቆይ መብራቱ ይበራና «ጨርሱ፣ ውጡ» ይባላል። የ40 ወይም የ50 ዩሮ ቲኬት የአንድ ሰዓት ተኩል ዘፈን ሆነ ማለት ነው። አንድ ጓደኛዬ ሲቀልድ፣ «አዘጋጁ አልዋሸም፤ 9 ሰዓት ያለው በአበሻ አቆጣጠር ነው» ይላል። እንስቅና እናልፈዋለን።

በዚያ ባዶ አምስት ሰዓት ውስጥ ሰው ምን ይሠራል? ይጠጣል እንጂ ሌላ ምን ይሠራል! ለዚህ ነው መዘግየቱ እንዲያው የስንፍና ጉዳይ ብቻ ነው ብዬ የማላምነው። ትርፉ ያለው በዘፈኑ ላይ ሳይሆን በመጠበቁ ላይ ነው። ዘፋኙ በሦስት ሰዓት ተኩል ቢወጣ ኖሮ ግማሹ ጠርሙስ ሳይከፈት ይቀር ነበር።

አሁን ስለ ራሴ ልናገር፤ ሰውን ብቻ መውቀስ ቀላል ነውና። እ.ኤ.አ. በ2014 አንድ ሌሊት፣ የታክሲ ፈቃድ ለማውጣት ገና በምማርበት ጊዜ፣ ሮተርዳም አካባቢ ከነበረ እንዲህ ያለ አዳራሽ በአሥር ሰዓት ወጣሁ። ባለቤቴ አጠገቤ አንቀላፍታለች። የአራት ዓመቷ ልጃችን፣ ሌሊቱን በሁለት ወንበር ላይ ስትተኛ ካመሸች በኋላ፣ ካፖርት ተደርቦላት ከኋላ ተኝታለች። «ሁለት ቢራ ብቻ» ነበር ያልሁት፤ እውነቱን ለመናገር አራት ነበር። ወደ ዴን ሃግ በሚወስደው በኤ 13 አውራ ጎዳና ላይ ያነቃኝ፣ ጎማው የመንገዱን ጠርዝ ሲረግጥ የሚሰማው ጉርምርምታ ነው። ስንት ሴኮንድ ተኝቼ እንደነዳሁ ዛሬም አላውቅም። ባለቤቴ ባንና «ምንድን ነው?» አለችኝ። «ምንም አይደለም» አልኋት። እውነቱን እስከ ዛሬ አልነገርኋትም፤ ይህን ጽሑፍ ስታነብ ትሰማለች።

እንግዲህ የድሮ መምህር ነኝና ትንሽ ሒሳብ ፍቀዱልኝ። የዚህ አገር ሕግ ለአሽከርካሪ የሚፈቅደው በአንድ ሊትር ደም ውስጥ ግማሽ ግራም አልኮል ነው። መንጃ ፈቃድ ካወጣ አምስት ዓመት ላልሞላው ከግማሽ ግራም ወደ 0.2 ግራም ይወርዳል። እዚህ በየቡና ቤቱ የሚቀዳው አንድ ብርጭቆ 10 ግራም ያህል አልኮል አለበት፤ ጉበት አንዱን ብርጭቆ ለማጣራት ከአንድ ሰዓት እስከ አንድ ሰዓት ተኩል ይወስድበታል። ከምሽቱ አምስት ሰዓት ጀምሮ ስድስት ብርጭቆ የጠጣ ሰው ደሙ የሚጠራው ከንጋቱ አሥራ አንድ እስከ ጠዋቱ ሁለት ሰዓት ባለው ጊዜ ነው። ቡና አያፋጥነውም፤ ቀዝቃዛ ውሃ ፊት ላይ መርጨት አያፋጥነውም፤ ክትፎም አያፋጥነውም። አዳራሹ በአሥር ሰዓት ሲዘጋ ቁልፍ ይዞ የሚወጣው ሁሉ፣ አልኮሉ ከደሙ ሳይጠራ የሚነዳ ነው ማለት ይቻላል። ከንጋት በፊት መኪና ማቆሚያው ላይ ቆሜ ስንቱን እንዳየሁ እኔ አውቃለሁ። «ታክሲ ውድ ነው» ይሉኛል፤ በእጃቸው የ150 ዩሮ ውስኪ ቀሪ ይዘው።

ስለ ውስኪው ካነሣን አይቀር፣ ጠርሙሱ ላይ ስለሚሰካው ርችትም እናውራ። እ.ኤ.አ. በ2001 የዘመን መለወጫ ሌሊት፣ ከአምስተርዳም ብዙም በማትርቀው በቮሌንዳም ከተማ፣ አንድ በወጣቶች የተሞላ ቡና ቤት ውስጥ የተለኮሰች የእጅ ርችት ጣሪያው ላይ የተንጠለጠለውን የደረቀ የገና ጌጥ አያያዘችው። 14 ወጣቶች ሞቱ፤ ወደ ሁለት መቶ የሚጠጉ ተቃጠሉ፤ ከእነዚህ ብዙዎቹ ጠባሳውን ዛሬም ተሸክመው ይኖራሉ። ቦታው ከመጠን በላይ ሞልቶ ነበር፤ መውጫውም እንደሚገባው አልነበረም። እ.ኤ.አ. በመጋቢት 2025 በሰሜን ሜቄዶንያ ኮቻኒ ከተማ በአንድ ጭፈራ ቤት ከመድረክ የተለኮሰ ርችት ጣሪያውን አቃጥሎ ከ59 የማያንሱ ሰዎችን ገድሏል። ሆላንዳውያን ከቮሌንዳም ብዙ ተምረዋል፤ ምርመራውና ቁጥጥሩ ጠብቋል። እኛስ? በእኛ አዳራሽ ባለፈው ዓመት የድንገተኛ መውጫው በር ፊት ለፊት የቢራ ሣጥን ተደርድሮ በዐይኔ አይቻለሁ። ቢራውን ያስነሣሁት ተጨቃጭቄ ነው፤ «አንተ ደግሞ ሁልጊዜ አስተማሪ ነህ» ተብዬ።

«እስከ ንጋት መጨፈር ባህላችን ነው» የሚሉ አሉ። ለመሆኑ ከየት የመጣ ባህል ነው? በደርግ ዘመን አዲስ አበባ ላይ ሰዓት እላፊ ታውጆ ነበር። ያን ጊዜ ዋልያስን፣ ሮሃን፣ ዳህላክ ባንድን ሊሰማ ሆቴል የገባ ሰው፣ ሰዓት እላፊው ከደረሰበት ወደ ቤቱ መሄድ ስለማይችል በሩ ተዘግቶበት እዚያው ያነጋ ነበር። አባቶቻችንና ታላላቆቻችን እስከ ንጋት የጨፈሩት ወደው ብቻ ሳይሆን ተቆልፎባቸው ነው። የዛሬው ልማዳችን ከዚያ የተወረሰ ነው ብዬ አልምልም። ግን አንድ ነገር እጠይቃለሁ፦ እነሱን የቆለፈባቸው መንግሥት ነበር፤ እኛን ማን ቆለፈብን?

እውነት ያለው ተቃውሞም አለ፤ እሱን ማለፍ አይገባኝም። ብዙዎቻችን ቅዳሜ ማታ ሥራ ላይ ነን። ምግብ ቤት ወጥ ቤት ውስጥ የሚሠራው፣ ቢሮ የምታጸዳው፣ ሆስፒታል አዳር ያለባት፣ እንደ እኔ መሪ የጨበጠው፣ ከምሽቱ አምስት ሰዓት በፊት አይፈታም። «በሦስት ሰዓት ጀምሩ ብትል ማን ይመጣል?» ይሉኛል። ልክ ናቸው። ይህ ግን ሙዚቃው ወደ ሌሊት ስምንት ሰዓት ይገፋ ለማለት ምክንያት አይሆንም፤ ቀኑ ይቀየር ለማለት እንጂ። እሑድ ከቀትር በኋላ ብዙው ሰው ዕረፍት ላይ ነው። በዘጠኝ ሰዓት ተጀምሮ ከምሽቱ ሦስት ሰዓት የሚያልቅ ዝግጅት ቢኖር ልጁም አዛውንቱም ይመጣል፤ ሰኞ ጠዋትም ሥራ ይገባል።

ሁለተኛው ተቃውሞ ከዚህ ይከብዳል። «ወደ ፈረንጅ ቤት እንዳንሄድ አያስገቡንም፤ ስለዚህ የራሳችን አዳራሽ ምን ጊዜም ይሻለናል» የሚለው ነው። ይህን የሚሉት ልጆች ዋሹ አልልም። ባለፈው ክረምት ከአንድ ጭፈራ ቤት በር ላይ ሦስት ልጆች ጫንሁ፤ ሁለቱ የእኛ፣ አንዱ የሱሪናም። ንጹሕ ለብሰዋል፤ አልጠጡም። ዘበኛው «ዛሬ የግል ዝግጅት ነው» ብሎ መለሳቸው፤ ከኋላቸው የነበሩት ነጮች ግን ገቡ። ዘበኛውን ከመሳደባቸው ይልቅ የከነከነኝ፣ ታናሽየው ወንበሩ ላይ ደገፍ ብሎ «ለምደነዋል ጋሼ» ያለው ነው። አሥራ ዘጠኝ ዓመቱ ነው። ምኑን ነው የለመደው?

ወላጆች ሆይ፣ ይህን አታስለምዷቸው። የዚህ አገር ሕገ መንግሥት አንቀጽ 1፣ እ.ኤ.አ. በ1983 በተሻሻለው ሕገ መንግሥት እንደ ሰፈረው፣ አድልዎን በማናቸውም ምክንያት ይከለክላል። በ1994 የወጣው የእኩል አያያዝ ሕግ ደግሞ አገልግሎት ለሕዝብ የሚሸጥ ቤት ሰውን በዘሩ እንዳይመልስ ያዛል። የወንጀለኛ መቅጫውም ይከለክላል። ዘበኛ የሰከረን መመለስ ይችላል፤ መጠጥ በሚሸጥበት ቤት ዕድሜው 18 ያልሞላውን መመለስ ይችላል፤ የአለባበስ ደንብ ካለ ደንቡን ለሁሉም እኩል አድርጎ ማስከበር ይችላል። መልክ አይቶ ግን አይመልስም። ከ2009 ጀምሮ እያንዳንዱ ማዘጋጃ ቤት አድልዎ የደረሰበት ሰው በነጻ የሚያመለክትበት አገልግሎት እንዲኖረው በሕግ ተገድዷል። የሰብአዊ መብቶች ኮሌጅ የሚባለው ተቋምም ያለ ክፍያ አቤቱታ ያያል። ልጁ ሰዓቱን ይጻፍ፤ የተሰጠውን ምክንያት ቃል በቃል ይጻፍ፤ የነበረው ምስክር ማን እንደሆነ ይያዝ፤ በማግሥቱ ያመልክት። አንድ ማመልከቻ በር ላይከፍት ይችላል። ሃምሳ ማመልከቻ የተከመረበት ማዘጋጃ ቤት ግን አላየሁም አይልም። እኛ ግን አንድም አንጽፍም፤ ወደ መጋዘኑ አዳራሽ እንመለስና «የራሳችን ይሻላል» እንላለን።

የራሳችን የምንለው በር ደግሞ ምን ያህል ክፍት ነው? እዚህ ላይ ብዕሬ ይከብደኛል። እኔ እዚህ አገር በመጣሁበት ሰሞን በአንድ አዳራሽ ውስጥ የአማርኛው፣ የትግርኛው፣ የኦሮምኛው፣ የጉራጊኛው ዘፈን ተራ በተራ ይዘፈን ነበር፤ እስክስታ የሚያውቀውም ትከሻውን ይሰብቃል፣ የማያውቀውም ክቡን ይዞራል። እ.ኤ.አ. በኅዳር 2020 ጦርነቱ ከተነሣ ወዲህ ግን በአንድ ቅዳሜ፣ በአንድ ከተማ፣ ሦስት አዳራሽ እናያለን። ከቲኬቱ በፊት የሚጠየቀው «አዘጋጁ የማን ነው?» የሚል ሆኗል። ዘበኛ በር ላይ ሳይቆም እኛው ራሳችን ሰውን በስሙና በቋንቋው እየለየን እንመልሳለን። ይህን የምናደርግ ሰዎች የላይድሰፕላይኑን ዘበኛ በምን አፋችን እንከሳለን? ነገሩ ሲብስ ምን እንደሚመስልም ከጎረቤቶቻችን አይተናል። እ.ኤ.አ. ፌብሩዋሪ 17 ቀን 2024 ዴን ሃግ ውስጥ በአንድ የዝግጅት አዳራሽ ዙሪያ የኤርትራ መንግሥት ደጋፊዎችና ተቃዋሚዎች ተጋጭተው የፖሊስ መኪኖች ተቃጥለዋል፤ ፖሊስም አስለቃሽ ጋዝ ተኩሷል። በማግሥቱ ታክሲዬ ውስጥ የገባ ሁሉ «አንተስ የየት ወገን ነህ?» ይለኝ ነበር። ለእሱ ሁላችንም አንድ ነን።

አሁን ደግሞ ደስ ስላለኝ አንድ ምሽት ላውራችሁ። አንድ ዕለት ሽበታም የሆላንድ ባልና ሚስት ከአምስተርዳም ደቡብ ጫንሁ። «ወደ ቢምሃውስ» አሉኝ፤ ውሃው ዳር ያለው የጃዝ ቤት ነው። በመንገድ ላይ የትውልድ አገሬን ጠየቁኝና ስነግራቸው ሴትዮዋ በደስታ አጨበጨበች፤ የሚሄዱት ለካ የኢትዮጵያ ሙዚቃ ሊሰሙ ኖሯል! «ትዝታ ማለት ምን ማለት ነው?» አለችኝ። አስተማሪነቴ ተቀሰቀሰ፤ ስለ ትዝታ፣ ስለ ባቲ፣ ስለ አምባሰልና ስለ አንቺ ሆዬ ቅኝት እስክንደርስ ድረስ አስተማርኋቸው። ሲወርዱ ሰውዬው ጎንበስ ብሎ «አንተስ አትገባም?» አለኝ። ምን ልበለው? እንዲህ ያለ ዝግጅት መኖሩንም አላውቅም ነበር።

መኪናዬን አቆምሁና ገባሁ። ቲኬቱ የአዳራሻችንን ግማሽ አይሞላም። በሁለት ሰዓት ተኩል ይጀመራል ተብሎ ነበር፤ በሁለት ሰዓት ተኩል ተጀመረ። አዳራሹ ጢም ብሎ ሞልቷል። የእኛን ሰው ብቆጥር ራሴን ጨምሮ አምስት ነበርን። በአምስት ሰዓት ቤቴ ነበርሁ፤ ልጄ ገና አልተኛችም፤ የሰማሁትን እያንጎራጎርሁ ነገርኋት።

ከዚያ በኋላ ነገሩን ባጠናው አፍሬአለሁ። ፊሊፕስ የተባለው የዚሁ የሆላንድ ኩባንያ በ1960ዎቹና በ1970ዎቹ (እ.ኤ.አ.) የኢትዮጵያን ሙዚቃ በሸክላ ያወጣ ነበር። ሽለላን በሳክስፎን የተጫወተውን ጌታቸው መኩሪያን፣ ዘ ኤክስ የተባለው የሆላንድ ባንድ በ2004 ሃያ አምስተኛ ዓመቱን ሲያከብር ወደዚህ ጋብዞ አብሮት ተጫውቷል፤ በ2006 «ሞአ አንበሳ» የተባለውን አልበም አብረው አሳትመዋል። ጌታቸው በ2016 እስኪያርፍ ድረስ በአውሮፓ መድረኮች የተጨበጨበለት ሰው ነበር። ከካዛንቺስ ፈንድቃ አዝማሪ ቤት የመላኩ በላይ ጭፈራም ከነሱ ጋር አውሮፓን ዞሯል። ያ አዝማሪ ቤት የነበረበት የካዛንቺስ ሰፈር ደግሞ በ2017 ዓ.ም. ፈርሷል። እኛ እዚህ ኪቦርድ ብቻውን የሚጮህበት መጋዘን ውስጥ ዘፋኝ ስንጠብቅ፣ ፈረንጁ ጌታቸውን በሰዓቱ ሰምቶ፣ በባቡር ተሳፍሮ፣ ቤቱ ገብቶ ይተኛ ነበር ማለት ነው። በገዛ ቤታችን ሠርግ እኛው ቀረን።

እንግዲህ «የት ይሻላል?» ለሚለኝ መንገደኛ የምሰጠው ምክር የሚከተለው ነው። አምስተርዳም ከሆናችሁ ላይድሰፕላይንና ሬምብራንትፕላይን የቱሪስት ሰፈር ናቸው፤ ብርሃናቸው ያምራል፤ ሒሳባቸው ግን ይከብዳል። ሙዚቃ ለመስማት የመጣ ሰው ግን እዚያው አጠገብ ፓራዲሶንና ሜልክቬኽን ያገኛል፤ አንዱ የድሮ ቤተ ክርስቲያን፣ አንዱ የድሮ ወተት ፋብሪካ ነበር፤ በ1968 እና በ1970 ተከፍተው እስካሁን አሉ። ለነገሩ ለዚህ ሕዝብ ሕንጻ አይባክንም። ደ ስኾል የተባለው ጭፈራ ቤት እንኳ የድሮ የቴክኒክ ትምህርት ቤት ነበር፤ ከ2016 እስከ 2024 መጀመሪያ ድረስ ሠርቶ ተዘጋ። በሕይወቴ የትምህርት ቤት በር ላይ ለመግባት ሰልፍ ሲጠበቅ ያየሁት እዚያ ብቻ ነው። ሮተርዳም ከሆናችሁ ቪተ ደ ቪትስትራት ላይ በእግር ብትሄዱ ከአንዱ ቡና ቤት ወደ ሌላው ለመሻገር መኪና አያስፈልግም፤ ጭፈራ የሚሻ ወጣት ማስሲሎ የተባለውን የድሮ የእህል ጎተራ ያውቀዋል። ዴን ሃግ ከሆናችሁ ኽሮተ ማርክትና ፕላይን አደባባይ ተቀምጦ መጨዋወት ይቻላል፤ ሙዚቃ ካሻችሁ ፓርድ አለ። ጨዋታ ብቻ የፈለገ ሰው በሦስቱም ከተማ «ቡናማ ካፌ» የሚሉትን አሮጌ ቡና ቤት ይፈልግ፤ ግድግዳው በስንት ዘመን ጢስ የጠቆረ ነው፤ ከ2008 ጀምሮ ግን ውስጥ ማጨስ ተከልክሏል።

አንድ ማስጠንቀቂያ ለእንግዶች፦ «ኮፊ ሾፕ» የሚል ስታዩ ማኪያቶ አለ ብላችሁ እንዳትገቡ። የሚሸጠው የሚጨስ ዕፅ ነው። በእኛ አገር ቡና ቤት ገብቶ ቡና የሚያዝ ጥቂት እንደሆነው ሁሉ፣ እዚህም ስሙና ግብሩ ተለያይተዋል።

ቤቱን የምትመርጡት ግን በስሙ አይሁን። ሦስት ነገር ጠይቁ። ዋናው ሙዚቃ በስንት ሰዓት ይጀመራል? ሁለተኛው መውጫ የት ነው? በምን እመለሳለሁ? ለመጨረሻው ጥያቄ መልስ አለ። ጥገና ካልኖረ በቀር በአምስተርዳም፣ በስኺፖል፣ በላይደን፣ በዴን ሃግ፣ በዴልፍትና በሮተርዳም መካከል ሌሊቱን በየሰዓቱ ባቡር ይሄዳል። ታክሲ ነጂ ሆኜ ባቡር ተሳፈሩ ማለቴ እንጀራዬን መርገጥ ነው፤ ይሁን። መኪና ከያዛችሁ ደግሞ ከቤት ሳትወጡ «ቦብ» ምረጡ። ቦብ ማለት በዚያ ምሽት የማይጠጣና ሁሉንም ወደ ቤት የሚያደርስ ሰው ነው፤ ከቤልጅግ የመጣ ልማድ ነው፤ ሆላንድ ውስጥ ከ2001 ጀምሮ ሕፃን የሚያውቀው ስም ሆኗል። እኛም «ጠጪ ባልሆን ምን አለበት» ብሎ የሚያፍር ሰው ሳይሆን፣ «ዛሬ ቦብ እኔ ነኝ» ብሎ የሚኮራ ሰው ያስፈልገናል።

ለአዘጋጆቹም አንድ ቃል። ወንድሞቼና እኅቶቼ፣ ድካማችሁን አልክድም፤ የአዳራሽ ኪራይ፣ የአውሮፕላን ቲኬት፣ የሆቴል ወጪ አለባችሁ፤ ከስራችሁ የምታውቁም አላችሁ። ከአንዳችሁ ጋር ስነጋገር «ሕዝቡ እኮ በሰዓቱ አይመጣም» አለኝ። ሕዝቡን ስጠይቅ «ዘፋኙ እኮ በሰዓቱ አይወጣም» ይለኛል። ዘፋኙ ደግሞ «አዳራሹ ሳይሞላ አልወጣም» ይላል። ሦስት ሰው እርስ በርስ ሲጠባበቅ ሌሊቱ ነጋ። ይህን ክብ አንድ ሰው ሊሰብረው ይገባል፤ የሚሰብረውም ገንዘቡን የያዘው ነው። ገንዘቡን የያዝነው እኛ ነን።

ስለዚህ ለአንባብያን የማቀርበው ሐሳብ አንድ ብቻ ነው፤ ቀላልም ነው። ድምፃዊው መድረክ ላይ የሚወጣበት ሰዓት ያልታተመበት ቲኬት አንግዛ። በሩ የሚከፈትበት ሰዓት ሳይሆን የሚዘፈንበት ሰዓት። ከታተመው ሰዓት አንድ ሰዓት ካለፈ ገንዘባችንን እንጠይቅና እንውጣ። ሁለት ሦስት ዝግጅት ላይ መቶ ሰው እንዲህ ቢያደርግ፣ በአራተኛው ላይ ዘፋኙ በሦስት ሰዓት ተኩል ማይክራፎን ይዞ ታገኙታላችሁ። በዚህ የማይስማማ አዘጋጅ ካለ በሚቀጥለው ወር በዚሁ ገጽ ይመልስልኝ፤ ደስ ይለኛል።

ልጄ ዛሬ አሥራ አምስት ዓመቷ ነው። ባለፈው ሰሞን ፖስተር አሳየኋትና «እንሂድ?» አልኋት። «አባዬ፣ የእናንተ ዝግጅት የሰው ሁሉ ዝግጅት ሲያልቅ ነው የሚጀምረው፤ እኔ ደግሞ ወንበር ላይ መተኛት አልፈልግም» አለችኝ። «የእናንተ» ማለቷን ልብ በሉ። «የእኛ» አላለችም።

በደኅና አምሹ፤ በደኅና ግቡ።